ቴስት ሲደርስ፦ ፍሬንና ኤቢኤስ እንዴት ይመረመራሉ?

መኪና ያለው ሰው ሁሉ የመኪናው ፈቃድ (ሪሽዮን ሬኼቭ) ሊያበቃ ሲል ከምስራድ ሃታሕቡራ፣ ማለትም ከትራንስፖርት ሚኒስቴር፣ ማሳሰቢያ ይደርሰዋል። ማሳሰቢያው የሚከፈለውን ገንዘብና መኪናው ለምርመራ የሚቀርብበትን ጊዜ ይገልጻል። ይህንን ምርመራ እዚህ አገር ትንሹም ትልቁም «ቴስት» እያለ ይጠራዋል። እኛ በኢትዮጵያ «ቦሎ ማሳደስ» የምንለው ዓይነት ነው። አዲስ ከፋብሪካ የወጣ መኪና ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ከምርመራው ነፃ ነው። ነገር ግን ከእኛ ከአዲስ መጪዎች ውስጥ አዲስ መኪና የሚገዛው ስንቱ ነው? አብዛኞቻችን የምንገዛው ያገለገለ መኪና ስለሆነ ቴስት በየዓመቱ የሚጎበኘን እንግዳ ነው።

በቂርያት ቫይዝማን ባሉት ኩባንያዎች በሌሊት ፈረቃ በጽዳት፣ በጥበቃም ሆነ በሌላ ሥራ ለሚሠራ ሰው መኪና ቅንጦት አይደለም። አውቶቡስ በሌለበት ሰዓት ከሥራ ወደ ቤት የሚያደርሰው እርሱ ነው። ስለዚህ «መኪናው ቴስት ወደቀ» የሚለው ወሬ ብዙዎቻችንን ያስደነግጣል። «ገንዘባችንን ሊበሉ ነው» የሚልም አይጠፋም። ከምርመራው ሁሉ ሰው ብዙም የማይረዳው የፍሬን ምርመራ ስለሆነ፣ በተለይም ኤቢኤስ የሚባለው ነገር ግራ የሚያጋባ ስለሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ ስለ ሁለቱ እንደሚከተለው እናስረዳለን።

መርማሪው ይለካል እንጂ አይጠግንም

ምርመራው የሚደረግበት ቦታ «ማኾን ሪሹይ» ይባላል። ጋራዥ አይደለም። ጋራዥ በዕብራይስጥ «ሙሳኽ» ነው። ሁለቱን አንድ አድርገን ማየት የለብንም። ማኾን ሪሹይ ከትራንስፖርት ሚኒስቴር ፈቃድ ተሰጥቶት፣ በሚኒስቴሩ ቁጥጥር ሥር ሆኖ መኪናውን የሚለካ ድርጅት ነው። ጉድለት (በዕብራይስጥ «ሊቁይ») ሲያገኝ በወረቀት ጽፎ ይሰጣችኋል። እናንተም ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ መረጣችሁት ሙሳኽ ትሄዳላችሁ፤ አስጠግናችሁም ለድጋሚ ምርመራ ትመለሳላችሁ።

በኢትዮጵያም ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ2002 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር 2010) የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 ተሽከርካሪ በየዓመቱ እንዲመረመር ያዛል። ስለዚህ ቴስት አዲስ መጪን ለማስቸገር የተፈጠረ ነገር አይደለም። በሌሎች ብዙ አገሮችም ያለ ሕግ ነው።

ፍሬን በሮለር ላይ

በማኾን ሪሹይ ውስጥ መሬት ላይ የተቀበሩ፣ ገጻቸው ሸካራ የሆነ የብረት በርሜል የሚመስሉ ነገሮች ታያላችሁ። እነዚህ ሮለር ይባላሉ። ለግራ ጎማ ሁለት፣ ለቀኝ ጎማ ሁለት ናቸው። መጀመሪያ የፊት ጎማዎች ይገቡባቸዋል፤ ቀጥሎ የኋላዎቹ። ሮለሮቹን የራሳቸው ኤሌክትሪክ ሞተር ያሽከረክራቸዋል። ጎማዎቹም አብረው ይዞራሉ፤ መኪናው ግን ካለበት አይነቃነቅም። ፍጥነቱ በጣም ቀስ ያለ ነው፤ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ሰው እንደሚራመደው ያህል ነው።

ከዚያ መርማሪው «ፍሬን ያዝ» ይላል። ነጂው ፔዳሉን ቀስ እያለ፣ እያጠበቀ ይረግጣል። ጎማው ሮለሩን ለማቆም ይታገላል። መሣሪያውም ያንን ትግል ይለካል፤ ግራው ስንት፣ ቀኙ ስንት እንደሆነ በሰሌዳው ላይ ያሳያል። ከዚህ ልኬት መርማሪው ሦስት ነገር ያነባል።

1ኛ. ጠቅላላ ጉልበት። የአራቱ ጎማዎች የፍሬን ጉልበት ተደምሮ ከመኪናው ክብደት ጋር ይነጻጸራል። ለምሳሌ 1,200 ኪሎ የሚመዝን መኪና የአራቱ ጎማ ጉልበት ተደምሮ 720 ኪሎ ቢሆን ፍሬኑ 60 በመቶ ይይዛል ማለት ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ደንብ መሠረት ከ2012 ወዲህ ለተመዘገበ የቤት መኪና ዝቅተኛው ልክ 58 በመቶ፣ ከዚያ በፊት ለነበረው 50 በመቶ ነው።

2ኛ. የግራና የቀኝ ሚዛን። ግራው 200 ይዞ ቀኙ 130 ብቻ ቢይዝ፣ ልዩነቱ ከትልቁ ቁጥር 35 በመቶ ይሆናል። በዚያው በአውሮፓ ደንብ ከ30 በመቶ በላይ የሆነ ልዩነት ይጥላል። ለምን? ፍሬን በኃይል ሲያዝ መኪናው ወደ ጠንካራው ጎን ይዞራል። በእርጥብ መንገድ ላይ ከሆነ ደግሞ ነጂው ሳያስበው ወደ ሌላው መስመር ይገባል። እንዲህ ያለው ጉድለት በከተማ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲነዱ አይታወቅም። ሮለሩ ግን ያጋልጠዋል።

3ኛ. የጉልበቱ አካሄድ። ነጂው ፔዳሉን በአንድ ልክ እየረገጠ ሳለ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ዲስኩ ተጣሟል፣ ወይም ታምቡሩ ክብነቱን አጥቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ፔዳሉን ከለቀቁ በኋላም ቁጥሩ ካልወረደ ፍሬኑ ጎማውን አንቆ ይዞታል። ይህ ነዳጅ ይበላል፣ የፍሬን ሸራም ይጨርሳል፣ ጎማውንም ያግላል።

የእጅ ፍሬንም በዚሁ ሮለር ላይ ይለካል። የእጅ ፍሬን ሥራው መኪናን ቆሞ መያዝ ስለሆነ የሚጠየቀው ጉልበት ያነሰ ነው፤ በአውሮፓ ደንብ 16 በመቶ ነው። ቀጥሎ መኪናው ጉድጓድ ላይ ይቆምና መርማሪው ከሥር ሆኖ የፍሬን ቱቦዎችን ያያል። የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ፣ የዛገ የብረት ቱቦ፣ የሚያንጠባጥብ ዘይት ካለ በሮለሩ ላይ ጥሩ ቁጥር ያመጣ መኪና እንኳ ሊወድቅ ይችላል። ዛሬ የያዘ ፍሬን ነገ ቱቦው ቢፈነዳ አይይዝምና።

ቁጥሩ በመንገድ ላይ ምን ማለት ነው?

«58 በመቶም ሆነ 30 በመቶ፣ ያው መቆሙ አይቀርም» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እስቲ በሜትር እናስላው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬኑ 58 በመቶ ከያዘ፣ ፔዳሉ ከተረገጠ በኋላ 17 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል። 30 በመቶ ብቻ ከያዘ ግን 33 ሜትር ያህል ይፈልጋል። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ከሆነ የመጀመሪያው በ55 ሜትር ሲቆም ሁለተኛው 106 ሜትር ይሄዳል። ነጂው አደጋውን አይቶ እግሩን እስኪያነሳ የሚያልፈው መንገድ ገና አልተቆጠረም።

በ17 ሜትርና በ33 ሜትር መካከል ያለው 16 ሜትር ነው። ኳሱን ተከትሎ ከቆሙ መኪናዎች መሐል ብቅ ያለ ልጅ በዚያ 16 ሜትር ውስጥ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ሰፈራችን ልጆች የሞሉበት ስለሆነ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ቴስት የሚለካው ይህንን 16 ሜትር ነው።

ኤቢኤስ ምንድን ነው?

ፍሬን በኃይል ሲረገጥ ጎማው ጭራሹን ይቆልፍና በመንገዱ ላይ ይንሸራተታል። ጎማ ሲንሸራተት መሪው አይታዘዝም። ነጂው ወደ ቀኝ ቢያዞርም መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ኤቢኤስ ይህ እንዳይሆን የሚከላከል መሣሪያ ነው። በየጎማው አጠገብ የጎማውን አዟዟር የሚቆጥር ትንሽ ሴንሰር አለ። አንዱ ጎማ ሊቆልፍ ሲል ኮምፒዩተሩ ይሰማና የዚያን ጎማ ፍሬን ላላ፣ ጠበቅ፣ ላላ፣ ጠበቅ ያደርገዋል፤ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ። የሰው እግር ይህን ያህል ሊፈጥን አይችልም።

ሐሳቡ ከመኪና በፊት በአውሮፕላን ላይ በ1950ዎቹ ሥራ ላይ ውሏል። በመኪና ላይ ደግሞ ቦሽ የተባለው የጀርመን ድርጅት የሠራው ኤቢኤስ በ1978 በመርሴዲስ መኪና ላይ ተገጥሞ ለገበያ ወጣ። በመጀመሪያ የሀብታም ዕቃ ነበር፤ ዛሬ ግን በአዳዲስ የቤት መኪናዎች ላይ የተለመደ ሆኗል።

እዚህ ላይ በኢትዮጵያ መንዳት ለተማሩ ወንድሞችና እህቶች አንድ ማሳሰቢያ አለን። ኤቢኤስ በሌለው መኪና በሚያንሸራትት መንገድ ላይ ፍሬን «እየረገጥህ ልቀቅ፣ እየረገጥህ ልቀቅ» ተብለን ተምረናል። ለዚያ መኪና ትክክል ነበር። ኤቢኤስ ባለው መኪና ግን በድንገት መቆም ሲያስፈልግ ፔዳሉን አጥብቆ ረግጦ አለመልቀቅ፣ በመሪውም አደጋውን ማምለጥ ነው። ፔዳሉ ከእግራችሁ ሥር ይርገበገባል፤ ግር ግር የሚል ድምፅም ይሰማል። ያን ጊዜ «ፍሬኑ ተበላሸ» ብላችሁ እግራችሁን እንዳታነሱ። መሣሪያው ሥራውን እየሠራ ነው።

ኤቢኤስ በቴስት ጊዜ እንዴት ይታያል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ሮለሩ የሚዞረው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው ብለናል። ኤቢኤስ ደግሞ በእንዲህ ያለ ቀስተኛ ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ ሥራ አይጀምርም። ስለዚህ ሮለሩ የፍሬኑን ጉልበት ቢለካም ኤቢኤሱን አይለካም። ታዲያ መርማሪው ኤቢኤሱ ደህና መሆኑን በምን ያውቃል? በመብራቱ ነው።

ቁልፉን ስታዞሩ፣ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት፣ በዳሽቦርዱ ላይ «ኤቢኤስ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቢጫ መብራት ይበራል። ኮምፒዩተሩ ራሱን፣ ሴንሰሮቹንና ሽቦዎቹን ይፈትሻል። ሁሉም ደህና ከሆነ መብራቱ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ ይጠፋል። በአንዳንድ መኪና የሚጠፋው መኪናው ትንሽ እንደተንቀሳቀሰ ነው። እንግዲህ መልሱ ሦስት ዓይነት ነው፦

በርቶ ከጠፋ፣ ኮምፒዩተሩ ጉድለት አላገኘም።

በርቶ ካልጠፋ፣ ኤቢኤሱ ሥራ አቁሟል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የቆሸሸ ሴንሰር፣ የተቆረጠ ሽቦ፣ የተሰነጠቀ የጎማ ቀለበት ወይም ያረጀ ኩሽኔታ ነው። ተራው ፍሬን ግን ይሠራል፤ መኪናው ኤቢኤስ እንደሌለው መኪና ይሆናል።

ጭራሹን ካልበራ፣ ይህ ከሁሉም የባሰ ነው። ወይ አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ወይም አንድ ሰው ጉድለቱን ለመደበቅ ነቅሎታል። አንዳንዱም የኤቢኤሱን መብራት ሽቦ ከሌላ መብራት ጋር ያገናኘዋል፤ አብሮ ይበራል፣ አብሮም ይጠፋል።

ከቢጫው ጋር ቀዩ የፍሬን መብራትም አብሮ ከበራ ነገሩ የኤቢኤስ ብቻ አይደለም። የፍሬን ዘይት ጎድሎ ወይም የፊትና የኋላ ፍሬን ድልድል ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን «ቤት ደርሼ አየዋለሁ» ማለት አይገባም። ዳር ይዛችሁ ቁሙ፤ መካኒክ ወይም ጎታች ጥሩ።

ከዚህ የምንረዳው፣ ሮለሩን ማታለል አስቸጋሪ ቢሆንም መብራቱን ማታለል ቀላል መሆኑን ነው። መብራቱን ነቅሎ በቴስት ያለፈ ሰው ያታለለው መርማሪውን አይደለም። ዝናብ በጣለ ሌሊት በመኪናው ውስጥ የሚሳፈሩትን ቤተሰቦቹን ነው ያታለለው። «በትንሽ ገንዘብ መብራቱን አጠፋልሃለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ገንዘቡን ይልቅ ሴንሰሩን ለማጽዳት ወይም ለማስለወጥ አውሉት።

ያገለገለ መኪና ስትገዙ

ሻጮች ሁሉ የሚሉት አንድ ቃል አለ፤ «ቴስት ለአንድ ዓመት አለው።» እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ቴስት በዚያች በተደረገባት ቀን መኪናው እንዴት እንደነበረ የሚናገር ምስክር ነው እንጂ ለዓመቱ ዋስትና አይደለም። ከስምንት ወር በፊት ያለፈ መኪና ዛሬ የፍሬን ሸራው አልቆ ይሆናል። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» ይላሉ አባቶቻችን። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት፦

ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ራሳችሁ ቁልፉን አዙሩ፤ ቢጫው የኤቢኤስ መብራት መብራቱን፣ ቀጥሎም ብቻውን መጥፋቱን ተመልከቱ። ሻጩ ሞተሩን አስነስቶ ከጠበቃችሁ አስጠፍታችሁ እንደገና ጀምሩ።

ፔዳሉን አጥብቃችሁ ረግጣችሁ ያዙ። ቀስ እያለ ወደ ታች ከሰመጠ የሆነ ቦታ ዘይት ወይም ግፊት ይጠፋል።

ሰው በሌለበት ቀጥ ባለ መንገድ በቀስታ እየሄዳችሁ ፍሬን ያዙ። መሪው ወደ አንድ ጎን ከጎተተ ሚዛኑ ተዛብቷል።

የፍሬን ዘይቱን ዕቃ እዩ። ዘይቱ እንደ ቡና ከጠቆረ ብዙ ጊዜ አልተለወጠም።

ከሁሉም በላይ ግን መኪናውን ከመግዛታችሁ በፊት ወደ ምርመራ ቦታ ወስዳችሁ አስመርምሩ። ሻጩ ለምርመራ አልሄድም ካለ መልሱን ነግሯችኋል።

የፍሬን ዘይትና ቁልቁለት

የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወይም የዓባይን በረሃ በመኪና የወረደ ሰው የተቃጠለ ፍሬን ሽታ ምን እንደሆነ ያውቃል። ረጅም ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ሲወረድ ዲስኩና ሸራው ይግላሉ፤ ሙቀቱም ወደ ፍሬን ዘይቱ ይተላለፋል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር ውስጥ እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይችላል፤ እርጥበት ከገባበት በኋላ ግን የሚጠበቅበት 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ዘይቱ ሲፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ስለሚጨመቅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፣ መኪናው ግን አይቆምም።

ይህ ጉድለት በሮለር ላይ አይታይም፤ በቴስት ጊዜ ፍሬኑ ቀዝቃዛ ነውና። እዚህ አገርም ቁልቁለት አለ። በየዓመቱ በሕሽዋን 29 ለስግድ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም የሚወጣ ሰው ማታ ሲመለስ ከ700 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ መኪናውም በሰው የተሞላ ነው። ወቅቱ ደግሞ የመጀመሪያው ዝናብ የሚጥልበት፣ በበጋ የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ አስፋልቱን የሚያንሸራትትበት ነው። ስለዚህ የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ገደማ ማስለወጥ፣ ቁልቁለት ሲወርዱም ማርሽ ቀንሶ በሞተር ጉልበት መያዝ ይጠቅማል። ይህን የኢትዮጵያ ሹፌሮች ዱሮም ያስተማሩን ነው፤ ኤቢኤስ መጣ ተብሎ የሚጣል ትምህርት አይደለም።

ወደ ቴስት ከመሄዳችሁ በፊት

ከቀጠሮው አንድ ወይም ሁለት ሳምንት አስቀድማችሁ መኪናውን ለመካኒክ አሳዩ። የመጨረሻዋን ቀን አትጠብቁ፤ ጉድለት ቢገኝ ለማስጠገን ጊዜ ያስፈልጋል። የጎማችሁን ነፋስ አስተካክሉ፤ የግራና የቀኝ ጎማ ነፋስ ከተለያየ የሮለሩም ቁጥር ይዛባል። የፍሬን መብራቶች ከኋላ መብራታቸውን ሰው አቁማችሁ እዩ። መኪናው አሮጌ ከሆነ ስለ ፍሬን ከሙሳኽ የተጻፈ ማረጋገጫ ይጠየቅ እንደሆነ ከማሳሰቢያው ላይ አንብቡ። ዕብራይስጡ ከከበዳችሁ ወደ ኡልፓን አምጡት፤ ከአስተማሪዋ ጋር አብረን እናነበዋለን።

በምርመራው ጊዜ የሚሰሙ ቃላት

በብዙ ቦታ በሮለሩ ላይ መኪናውን የሚይዘው ባለቤቱ ራሱ ስለሆነ መርማሪው የሚለውን መስማት ያስፈልጋል። ድምፅም ስለሚበዛ ቃላቱን አስቀድሞ ማወቅ ይረዳል።

ብላሚም (በአፍ «ብሬክስ») — ፍሬን
ቤሌም ያድ (በአፍ «ሃንድብሬክስ») — የእጅ ፍሬን
ቲልሓጽ — እርገጥ፣ ተጫን
ሌአት ሌአት — ቀስ በል
ታዓዞቭ — ልቀቅ
ሳዕ ቃዲማ — ወደ ፊት ንዳ
ኑራት አዝሃራ — የማስጠንቀቂያ መብራት
ረፊዶት — የፍሬን ሸራ
ኖዜል ብላሚም — የፍሬን ዘይት
ሊቁይ — ጉድለት
ዓቫር — አለፈ
ሎ ዓቫር — አላለፈ

«ሎ ዓቫር» ብትባሉ አትደንግጡ፣ አትጣሉም። «ማ ሃሊቁይ?» (ጉድለቱ ምንድን ነው?) ብላችሁ ጠይቁ፤ ወረቀቱንም ተቀበሉ። ቁጥሮቹን እንዲያሳያችሁ ብትጠይቁት ነውር አይደለም። ግራው ስንት፣ ቀኙ ስንት እንደሆነ ካወቃችሁ ወደ ሙሳኽ ስትሄዱ የማያስፈልግ ዕቃ አይለወጥባችሁም።

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ ዛሬ የሚለወጥ የፍሬን ሸራ ነገ ከሚመጣው ሁሉ ይረክሳል። ነገ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄዱ ቁልፉን አዙሩና፣ ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ያችን ቢጫ መብራት ተመልከቷት። ከጥቂት ሴኮንድ በላይ አይፈጅባችሁም።

መልካም መንገድ ይሁንላችሁ።